«አፍልታችሁ ጠጡ» ለሁሉም ብክለት አይሠራም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ ስለ ከተማችን ስለ አዲስ አበባ የውሃ ፈረቃ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ውሃው በየትኛው ሰፈር መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ በደንብ ጽፋችኋል። ሲመጣ ግን ውስጡ ምን ይዞ እንደሚመጣ አንድም መስመር አላየሁም። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛም የሰፈሩ ሰዎች ስንገናኝ የምንጠያየቀው «ውሃ መጣ?» እየተባባልን ነው።

የምኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። የማስተምረው ደግሞ ኬሚስትሪ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ውሃ ከግቢያችን ቧንቧ ወረደ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የሁሉም ምክር አንድ ነበር፦ «በደንብ አፍልቶ መጠጣት ነው።» አንዲት አራስ ጎረቤታችን ደግሞ «ውሃ አጋር ጠብ አድርጌበታለሁ፣ ምንም አይልም» አለችኝ፤ ውሃ ማከሚያውን ክሎሪን ማለቷ ነው። ደነገጥኩ። ሽታው ከየት እንደመጣ እስካሁን የነገረን ሰው የለም።

ማፍላትም ውሃ አጋርም ጥሩ ነገሮች ናቸው። ተቅማጥና ኮሌራ ከሚያመጡት ተሕዋስያን አብዛኞቹን ይገድላሉ። ኬሚካል ግን ነፍስ የለውም፤ አይሞትም። ናይትሬት፣ ፍሎራይድና እርሳስ ያለበትን ውሃ ብታፈሉት ተንኖ የሚሄደው ውሃው ነው። ኬሚካሉ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ መጠኑም ከበፊቱ ይበረታል። ነዳጅ የገባበትን ውሃ ስታፈሉ ደግሞ ከፊሉ በእንፋሎት ይወጣና የምትተነፍሱት ያንኑ ነው። በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ አልፎ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚላክልን። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ እስከ ቧንቧችን ያለው መንገድ ነው። በአሮጌ ሰፈሮች ያሉ አሮጌ መስመሮችን አስቡ። አንዳንዱ ዝጓል፣ አንዳንዱ የፍሳሽ ቦይ አቋርጦ ያልፋል። ውሃ ሙሉ ቀን ቢኖር ግፊቱ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። በፈረቃ ሲጠፋ ግን ግፊቱ ይወርድና በስንጥቁ በኩል ዙሪያው ያለው ነገር ወደ ውስጥ ይሳባል። መሬቱ የጋራዥ ዘይት ወይም ከማደያ የፈሰሰ ነዳጅ ጠጥቶ ከሆነ የሚሳበው እሱ ነው። ነዳጅ ደግሞ ስንጥቅም አይፈልግም። በፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳ ቀስ እያለ ሰርጎ መግባት ይችላል።

ሌላው የጉድጓድ ውሃ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ ከቦቴ እንገዛለን፣ ወይም ጉድጓድ ካስቆፈረ ግቢ እንቀዳለን። በመሐል ከተማ ሽንት ቤቱ አብዛኛው ጉድጓድ ነው። ከእሱ የሚሰርገው ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ዱቄት ወተት በውሃ ተበጥብጦላቸው የሚጠጡ ጨቅላዎች ይጎዳሉ፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ያቺ አራስ የጉድጓድ ውሃ ላይም እንዲሁ ጠብ አድርጋ «ምንም አይልም» እንዳትል እሰጋለሁ። ጉዳቱም እዚሁ አያበቃም። መሬታችን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘቀዝቃል፤ ለከተማው ውሃ የሚቀዳባቸው ትልልቅ ጉድጓዶች ያሉት ደግሞ አቃቂ ነው፤ እዚህ የሰረገው ወደዚያው ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አሜሪካ ውስጥ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስተን ከተማ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ማጠቢያ ኬሚካል ከታንከር አፈትልኮ ወንዝ ውስጥ ገባ። የከተማዋ ውሃ የሚሳበው ከዚያው ወንዝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። እንግዳ ሽታ አለ ብለው ቀድመው የጠቆሙት ነዋሪዎች ነበሩ። ያን ቀን ለ300,000 ያህል ሰው የተላለፈው መልእክት «አፍሉት» አይልም። አትጠጡት፣ አታብስሉበት፣ አትታጠቡበት፤ ለሽንት ቤት ማፍሰሻና ለእሳት ማጥፊያ ብቻ ተጠቀሙበት ነው ያለው። እዚያም ብዙ ስህተት ተሠርቷል። ቢሆንም ሰዉ ማፍላት እንደማይበቃ በግልጽ ተነግሮታል።

እኛም ሁለቱን መልእክቶች መለየት አለብን። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በአንድ ሰፈር ችግር ሲገጥም «አፍልታችሁ ጠጡ» ወይም «ጭራሽ አትጠጡ» ብሎ ለይቶ በስልክ መልእክት፣ በሬዲዮና በወረዳ በኩል ቢያሳውቅ ትልቅ ነገር ነው። የኬሚካል ምርመራውም ከማጣሪያ ጣቢያው በር ብቻ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ቧንቧ፣ ከቦቴና ከግል ጉድጓድ ተወስዶ ውጤቱ በየወረዳው ይለጠፍ። ናይትሬት ስንት፣ ፍሎራይድ ስንት፣ እርሳስ ስንት፣ ከደረጃው ጋር ጎን ለጎን። ለኮሪደር ልማት መንገዱ ሲቆፈርም አሮጌው ቧንቧ አብሮ ይቀየር። አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ማን ደግሞ ይቆፍረዋል?

እስከዚያው ለአንባቢዎቻችሁ ይህን ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን አትጠጡ፤ ለወለል ማጠቢያ ይሁን። ነዳጅ ወይም ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ከሆነ አታፍሉት፣ ሮቶ ውስጥም አታስገቡት፤ ዝጉትና ወዲያው አመልክቱ። የተለመደው የሸክላ ማጣሪያም ናይትሬትን አያስቀርም። ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ደግሞ የቱንም ያህል ብታጥቡት ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙበት።

ጋዜጣችሁ የወረዳዎቹን የምርመራ ውጤት ጠይቆ በሚቀጥለው የውሃ ዘገባ እንዲያወጣልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኬሚስትሪ መምህር፣ ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ