የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ኮዱ የእኛ፣ ስልቱስ የማን?

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ይዞ ከረመ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ በእረፍት ሰዓት የሚያቀርባቸውን ዝግጅቶች ቀርጾ የሚያስቀምጥ፣ ሌላ ትምህርት ቤትም ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ምንጭ ፕሮግራም። በሲዲ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ ሳይታመቅ 635 ሜጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ መጀመሪያ መልስ የሚሻው ጥያቄ «በምን እናሳንሰው?» የሚል ነበር።

ልጆቹ ለድምፁ ኤምፒ3ን፣ ለቪዲዮው ኤች 264ን መረጡ። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከኢንተርኔት ያወረድነውን ኮድ የፈቃድ ፋይል ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችና እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይህን የፈቀደው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። ስልቱን የፈለሰፈው ሌላ ሰው ከሆነስ?»

የዕለቱን ዕቅድ ትተን እስኪመሽ በዚሁ ቆየን። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ነው። ፓተንት (ለፈልሳፊ የሚሰጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ግን አሠራሩን ስለሚይዝ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በራስ እጅ የተጻፈ ፕሮግራም እንኳ ሊጥሰው ይችላል። የጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1998 ለኤምፒ3 የፈቃድ ክፍያ ሊጠይቅ መሆኑን በደብዳቤ ሲያሳውቅ፣ ክሪስ ሞንትጎመሪ የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ቮርቢስ የተባለውን ነፃ የድምፅ ፎርማት ለማዘጋጀት በሙሉ ኃይሉ ተነሣ። ክፍያው ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለሆነ ኤምፒ3 ዛሬ አያሰጋንም፤ የሚያሳስበን የፓተንት ክፍያ ያለበት ኤች 264 ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም፤ ነገር ግን የፓተንት ሕግ በየአገሩ ይለያያል፤ ፕሮግራማችንን አሜሪካ ውስጥ የሚያሰራጭ ሰው የሚጠየቀው በዚያው አገር ሕግ ነው። ለሰው የምንሰጠው ነገር ተቀባዩን ዕዳ ውስጥ እንዲከት አልፈልግም።

ስለዚህ የቪዲዮውን ክፍል አወጣነው። የወራት ድካም ነበርና ልጆቹ አዘኑ፤ እኔም አዘንኩ። ለድምፁ፣ ኤምፒ3 ባያሰጋንም፣ ንግግርን ይበልጥ የሚያሳንሰውን ኦፐስ የተባለ ፎርማት ወሰድን፤ በውስጡ ፓተንት ያላቸው ብሮድኮምና ማይክሮሶፍት ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቅደዋል። ንግግር በሴኮንድ በ24 ኪሎቢት ሲቀመጥ አንድ ሰዓቱ 11 ሜጋባይት አይሞላም። ለራሳችን ኮድ አፓቺ 2.0 ፈቃድን መረጥን፤ በዚህ ፈቃድ ኮድ የሚያዋጣ ሰው ባዋጣው ሥራ ውስጥ ያለውን የራሱን ፓተንት አብሮ ይፈቅዳል።

እያንዳንዱ ፎርማት ለምን እንደተመረጠና ማን እንደፈቀደው የተጻፈበትን ደብተር የ12ኛ ክፍል አባላት ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል። የቀረን ቪዲዮው ነው። ኤቪ1 የተባለው የቪዲዮ ፎርማት ያለ ክፍያ ቢፈቀድም ለቤተ ሙከራችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ከባድ ነው፤ በመስከረም እንደ እሱ ያለ ክፍያ በተፈቀደው በቪፒ8 እንጀምራለን።