ያ ጎልፍ መሬት ሊልስ ነው እንዴ?

አብርሽ፣ ሰላም ነህ ወይ?

አውቃለሁ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጨረሻ መልእክትህን አንብቤ "ማታ እመልሳለሁ" ብዬ ተኛሁ፣ ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ማፈር መጣ። ሌላ የረባ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ያስነሱኝ እናትህ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶህን አሳዩኝ። ወፍረሃል። እሱ ይሁን፣ እኔ ያየሁት ከጀርባህ የቆመውን ፎልክስዋገን ጎልፍ ነው። ቸርኬው የእንጀራ ምጣድ ያህላል፣ ጎማው ዙሪያውን የተቀባ ጥቁር ቀለም ይመስላል፣ ከላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም። እናትህ "ምነው መኪናው ቁጭ አለ፣ ጎማው ተንፍሶ ነው?" አሉኝ። አይ እማማ፣ ፋሽን ነው አልኳቸው።

ከዚያ ያ የፕሌይስቴሽን ቤት ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ ኳስ ሲጫወት እኔና አንተ ጥግ ይዘን የመኪና ጌሙን፣ ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2ን። ስካይላይኑን ገና ሳትነዳው ቸርኬ ልትቀይርለት ትሮጥ ነበር። "ዝቅ ያለ መኪና ይይዛል፣ ትልቅ ቸርኬ ይፈጥናል።" ይቺ ነበረች ፍልስፍናህ። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ይዤ "ማን አለህ?" እላለሁ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። አሥር ብር ተወራርደን ማን እንደበላ ሳይለይ አንተ ሄድክ።

አሁን መልስ አለኝ። ያገለገለ ኮምፒውተርና መሪ ገዝቼ አሴቶ ኮርሳ የሚባል የመኪና መንዳት ጌም እየተጫወትኩ ነው፤ ጣልያኖቹ በ2014 ያወጡት ማለቴ ነው። አርጅቷል፣ ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ ስትነካካበት መኪናው በእውነት ሌላ ይሆናል። ማታ ማታ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ግማሹን ልክ ነበርክ፣ እመነኝ ደስ ብሎኝ አይደለም የምልህ።

መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪው ጎማ ይሻገራል። የውጪው ይጫናል፣ የውስጡ ይቀለዋል። ጎማ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መያዙ እጥፍ አይሆንም፣ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ክብደቱ በአንድ ጎን በተከመረ ቁጥር ከአራቱ የምታገኘው ድምር ይቀንሳል። መኪናው ዝቅ ሲል የሚሻገረው ያንሳል። እዚህ ድረስ አንተ ነህ ልክ። ግን ምን ያህል? 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያዝ፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሴንቲ ላይ፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ሜትር ተኩል። የጎን ግፊቱ የመኪናውን ክብደት እስኪያክል ድረስ ብትታጠፍ የሚሻገረው 400 ኪሎ ነው። 3 ሴንቲ አውርደው፣ 376 ይሆናል። 24 ኪሎ! ሩብ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይሞላም።

ለዚያች 24 ኪሎ ምን እንደምትከፍል ያየሁት ጌሙ ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ላይ ነው፣ አንተ ጀርመን ያለው የውድድር መንገድ። ረጅሙ ዙሪያው ኖርድሽላይፌ ይባላል፣ አንድ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር። ካሩሰል የምትባል ኩርባ አለችው፣ በኮንክሪት የተሠራች ጎድጓዳ፣ ገብተህ ስትወጣ ጥርስህ ይንቀጠቀጣል። መኪናዋን እስከ መጨረሻው አውርጄ ገባሁ። እስፕሪንጉ የሚጫወትበት ቦታ አለቀና ማቆሚያው ላስቲክ ላይ አረፈ፣ ከዚያ በኋላ የምነዳው መኪና ሳይሆን ጋሪ ነበር። የፊቱ ላስቲክ ላይ ካረፈ መሪውን ብትጠመዝዝ አይሰማህም። የኋላው ካረፈ ጭራው ይወጣል። አምስት ሚሊ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ሚሊ እያልኩ መለስኩት፣ መኪናዋ ነፍስ ዘራች። አንድ ማታማ የዕድሜዬን ምርጥ ዙር እየነዳሁ፣ መጨረሻው ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ዶቲንገር ሆሄ ስደርስ መብራት ሄደ። ጨለማ ውስጥ መሪ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

የፎርሙላ ዋኖቹስ አትለኝም? እነሱ መሬት የሚልሱት የመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፈው አየር ወደ ታች ስለሚስባቸው ነው፣ ለእነሱ እያንዳንዷ ሚሊ ዋጋ አላት። እነሱም ቢሆኑ ከሥር ሳንቃ አለባቸው። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ነው፣ ተፍቆ ከ9 ሚሊ ካነሰ ትባረራለህ። በ2023 አሜሪካ ኦስቲን ላይ ሹፌሮቹ ሃሚልተን ሁለተኛ፣ ሌክለርክ ስድስተኛ ከገቡ በኋላ በዚህችው ሳንቃ ምክንያት ውጤታቸው ተሰረዘ። ጎልፍህ እንዲህ ያለ አየር የለውም። ጭራሽ የፊት ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ፣ መኪናው በጣም ሲወርድ፣ ወደ ላይ ማየት ይጀምርና መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከቦዲው በበለጠ ይወርዳል፣ ቦዲው ከነጥቡ በራቀ ቁጥር ደግሞ ማጋደል ይቀለዋል። እስፕሪንጉ ካልጠነከረ፣ ዝቅ ያለው መኪና ከበፊቱ ይልቅ ሊያጋድል ይችላል ማለት ነው። ይሄን ያኔ ባውቀው አሥር ብሯን በልቼ ነበር።

ወደ ቸርኬው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ታውቃለህ? የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ 195/65 ጎማ ቢያደርግ ከላይ እስከ ታች 634 ሚሊ ይሆናል። ባለ 18 ሆኖ 225/40 ሲደረግ 637 ነው። ያው ነው በለው። የተለወጠው የጎማው ጎን ነው፣ ከ12.7 ሴንቲ ወደ 9 ወርዷል። ጎኑ አጭር የሆነው ጎማ ብዙ ስለማይተጣጠፍ መሪውን ገና ስትነካው ይታዘዛል፣ ይሄ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ነገር ግን ጎኑ ረጅም የሆነው ከመንሸራተቱ በፊት እያስጠነቀቀህ ነው የሚለቅህ፣ አጭሩ ድንገት ነው። በጆይስቲክ ብዙ አይታወቅህም፣ በመሪ ግን እጅህ ላይ ይመጣል።

እኛ ሰፈር አንዱ ቪትዙን እንደዚህ አስጊጦ ኮብልስቶን ላይ ወጣ። አንድ ጉድጓድ። ከጎሚስታው ቸርኬውን አቅፎ ሲመለስ አየሁት።

እና ልኩን ካልጠበቅክ ደግሞ የባሰ አለ። እዚያው 18 ላይ በ225/40 ፋንታ 225/45 ብታስገባ ጎማው 660 ሚሊ ይሆናል፣ ማለትም በመጀመሪያ ከነበረው ዲያሜትሩ በ25 ሚሊ አድጓል፣ ግማሹ መኪናውን ወደ ላይ ያነሳዋል። 30 ሚሊ አወረድኩ ብለህ የጨፈርከው ሰውዬ 12ቱን ጎማው መልሶልሃል! ማርሹም በ4 ከመቶ ይረዝማል፣ ስለዚህ ለመነሳት ይሰንፋል። ዳሽቦርዱ በፊት ልክ ከነበረ፣ አሁን 100 ሲልህ አንተ 104 ላይ ነህ፣ እዚያ አገር ደግሞ ካሜራው አይምርም ይባላል።

ክብደቱንም አትርሳ። ቸርኬ ወደፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ የተጨመረች አንድ ኪሎ ለሞተሩ ሁለት ኪሎ ያህል ትሆንበታለች። ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው ጌም ላይ ሞክረው፣ ቸርኬውን ስታሳድግ የመኪናው ክብደት ሲጨምር እዚያው ያሳይሃል። ትልቅ ፍሬን ለማስገባት ከሆነ እሺ። ለፎቶ ከሆነ ግን ስማኝ፣ ፎርሙላ ዋን እስከ 2021 ድረስ በ13 ኢንች ቸርኬ ነበር የሚሮጠው፣ ወደ 18 የገባው በ2022 ነው። ኩርባ ላይ ማንም የማይደርስበት የውድድር መኪና በ13!

ፍርዴ ይኸው ነው፦ ዝቅታው የአንተ፣ ቸርኬው የእኔ። አምስት አምስት ብር እንካፈል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ካንተ ኮሎኝ እስከ ኑርቡርግሪንግ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንጃ ፈቃድና መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከፍሎ በገዛ መኪናው የሚገባበት ቀን አላቸው። እኔ እዚህ መብራት እየጠበቅኩ በሐሳብ እነዳዋለሁ፣ አንተ በሩ ላይ ተቀምጠህ አንድ ቀን አልሄድክም አሉ። ሂድና ካሩሰል ላይ ሆዱ መታ አልመታ ንገረኝ። ከመሄድህ በፊት ግን የጎማህን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እኔ አስልቼ እነግርሃለሁ።

እናትህ ደግሞ በርበሬው ተፈጭቷል፣ የሚመጣ ሰው ካለ ስልኩን ይላክልኝ ብለውሃል። እሱን እንኳ ቶሎ መልስላቸው፣ እንደ እኔ አትሁን።

ወንድምህ፣
ቢኒ