ስለ ዶሮዎችህ ልጽፍልህ ያልደፈርኩት

ውድ ወዳጄ፣ ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቦችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ እነሆ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ አንብቤ አጥፌ ካስቀመጥኩት በኋላ እንደገና ገልጬ አነብበዋለሁ፣ መልስ ልጽፍ ብዕር አነሣና ከሰላምታው አላልፍም። ከሦስት ዓመት በላይ ዝም ያልኩህ ሥራ በዝቶብኝ እንደሆነ አድርገህ መገመትህን ከአጻጻፍህ ተረድቻለሁ፤ ይህ የአንተ ደግነት ነው እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ አድርገህ፣ «ለመሆኑ ዶሮዎቼ እንዴት ናቸው?» ብለኸኛል። የዝምታዬ ምክንያት ያለው እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው።

ለቀህ ስትሄድ በአደራ የሰጠኸኝን ሰባት ዶሮዎች ቀበሮ ፈጃቸው። ስድስቱ በአንድ ሌሊት አለቁ፤ ገብስማዋ ብቻ ተረፈች። ጥፋቱም የእኔ ነው። ይህን ለመጻፍ ነው ሦስት ዓመት የፈጀብኝ፤ አሁን ግን አምስት ቄቦች ልትገዛ መሆኑንና በጓሮህ ጥግ ቤት እየሠራህላቸው መሆኑን ስለነገርከኝ፣ ዝምታዬ ከኀፍረት አልፎ በደል እንዳይሆን፣ የሆነውንም ከሆነው የተማርኩትንም ሳላስቀር ልነግርህ ቆረጥኩ።

ዶሮዎቹን በተረከብኩ በአምስተኛው ወር ነው። የዚያን ዕለት ምሽት እንግዳ መጥቶብኝ ነበር። ዶሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነዳቸው ገብተው ቆጣቸው ላይ ሰፍረዋል፤ የቀረው በሩን መዝጋት ብቻ ነበር፤ ያም ቢሆን ከሃያ እርምጃ የማይበልጥ መንገድ ነው። እንግዳውን ልሸኝና እዘጋለሁ አልኩ፤ እንግዳው አመሸ፣ ዝናብም ጣለ፣ እኔም ረሳሁት። ሌሊቱን ምንም ጩኸት አልሰማሁም። ዶሮ በጨለማ ማየት ስለማይሆንላት፣ በቆጧ ላይ እንዳለች አውሬ ከደረሰባት ወዴት እንደምትሸሽ እንኳ አታውቅም። ጠዋት ስወጣ ላባው ከዶሮ ቤቱ በር እስከ አጥሩ ድረስ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ሁለቱ ሞተው እዚያው ቤታቸው ውስጥ ወድቀዋል፤ አንዷ በአጥሩ ሥር ግማሽ አካሏ አፈር ለብሶ ተገኘች፤ ሦስቱ ጨርሶ የሉም። ገብስማዋን ታውቃታለህ፤ ቤት መግባት የማትወድ አመለኛ ነበረችና ያን ሌሊት ዛፍ ላይ አድራ ኖሮ፣ ስጠራት ከቅርንጫፉ ላይ ሆና ቁልቁል ታየኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ በርትቶ ነበር። አንዷን ወስዶ ቢበላ ረኃቡ ነው እል ነበር፤ ስድስቱን መፍጀት ግን ጭካኔ ሆኖ ታየኝ። በኋላ ስለ አውሬው ጠባይ ሳነብና ስጠይቅ የገባኝ ግን ይህ ነው፤ ቀበሮ በዱር ሲያድን አንዱን ሲይዝ ሌሎቹ ይበታተናሉ፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ግን የሚሸሽ የለም፣ ክንፉን የሚያርገፈግፍ እንጂ፤ እንቅስቃሴ እስካለ ድረስ ደግሞ አውሬው መንከሱን አያቆምም። ጊዜ ካገኘም የገደለውን ትቶ አይሄድም፤ አንድ በአንድ እያጋዘ በየቦታው ቀብሮ ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል። በአጥሩ ሥር ያገኘኋት ዶሮ ቀብሮ ሳይጨርሳት የነጋበት ስንቁ ነበረች ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ የቀናው ቀበሮ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። የእኔውም በማግስቱ ማታ መጣ፤ ባትሪ ባበራበት ዐይኖቹ አበሩ እንጂ አልሮጠም፤ ረጋ ብሎ ዞሮ ሄደ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሽቦና ምስማር ከመግዛትህ በፊት በየማታው በሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ወስን። አንተ በሌለህበት ቀን ማን እንደሚተካህም እንደዚሁ። ጊዜው በሰዓት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ፣ በአንዱ ወቅት ጊዜው የነበረ መዝጊያ በሌላው ወቅት ከቀበሮው ኋላ ሊደርስ ይችላል። አሁን እኔ ዘንድ ብርሃን ሲቀንስ ራሱ የሚዘጋ፣ ሲነጋም የሚከፈት፣ በባትሪ የሚሠራ በር አለ። መልካም ነገር ነው፤ ይሁንና ባትሪው ይደክማል፣ ጭድ ወይም ጭቃ ከሥሩ ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ያስቀረዋል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ያረፈደች ዶሮ ውጭ ቀርታ ሊዘጋባት ይችላል። ስለዚህ እሱም እያለ በየማታው በባትሪ ብርሃን ገብቼ እቆጥራቸዋለሁ። ቄቦችህ ሲመጡ ደግሞ ወዲያው አትልቀቃቸው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል እዚያው ቤታቸው ውስጥ ዘግተህ አቆያቸው፤ ማደሪያቸው የት እንደሆነ የሚለምዱት በዚያ ነው፤ ያለዚያ እንደ ገብስማዋ ዛፍ ለዛፍ ስትለቅማቸው ታመሻለህ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጥፋቱ የበሩ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቄቦች ገዝቼ ከገብስማዋ ጋር ቀላቀልኳቸው፤ በሩንም አንድ ማታ ሳላጓድል እዘጋ ነበር። በአራተኛው ወር ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን የሚውሉበት የሽቦ አጥር ታችኛው ጥግ ተበጥሶ ሁለቱ ጠፉ። በዚህ ጊዜ ነው ስለ ሽቦ ያለኝ ዕውቀት ከንቱ መሆኑን የተረዳሁት። ብዙ ሰው «የዶሮ ሽቦ» የሚለው፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለውና እርስ በርሱ የተጠማዘዘው ቀጭን ሽቦ፣ ዶሮን እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያግድም፤ ሲዝግ ደግሞ ቀበሮ በጥርሱ እየጎተተ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይተረትረዋል። የሚያስፈልግህ በየመገናኛው የተበየደ፣ ወፈር ያለ የሽቦ ወንፊት ነው። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ከቀበሮው አልፎ አይጥንም ያግድልሃል። ከእንጨቱ ጋር ስታያይዘው በትንንሽ ምስማር ብቻ አትተማመን፤ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ብታጠብቀው አውሬው ቢጎትተው አይነቀልም። አዋቂ ቀበሮ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ክፍተት ሾልኮ ሊገባ እንደሚችልም አትርሳ፤ ጸጉሩ አግዝፎ ያሳየዋል እንጂ ሰውነቱ ቀጭን ነው። ስለዚህ በበሩና በመቃኑ መካከል፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ሁሉ በእጅህ እየዳሰስክ ፈትሽ።

አጥሩን ካጠነከርኩ በኋላ ደግሞ መሬቱን ይቆፍር ጀመር። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ስለሆነ ጥቂት ላብራራልህ። ቀበሮ ሊቆፍር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚጭረው አጥሩ መሬት የነካበትን ቦታ ነው፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ከሩቅ መጀመርን አያስብም። ስለዚህ ሽቦውን ወደ መሬት ጠልቆ እንዲገባ ከማድረግ ይልቅ፣ ከአጥሩ ሥር ጀምሮ ወደ ውጭ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሬቱ ላይ አንጥፈህ፣ በችካል ወጥረህ፣ በላዩ አፈር ብትበትንበት፣ ሣር በቅሎ ይሸፍነዋል፤ ቀበሮው ሲጭር ሽቦው መዳፉን ይዞ ያስቀረዋል። መሬቱ ድንጋያማ ለሆነበት ሰው ይህ ጉድጓድ ከመቆፈር ያድናል። እኔ መጀመሪያ በሞኝነቴ ጎኑ በሙሉ 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ እንዲቀበር ቦይ ስቆፍር ሁለት ቀን ወገቤን ስይዝ ከርሜ ነበር፤ ያም ይሠራል፣ ድካሙ ግን ለማን!

ከላይ በኩል ያለውን ነገር አሳንሰህ አትየው። ቀበሮ ከውሻ ወገን ቢሆንም ለመንጠላጠል ድመትን የሚያስንቅ አውሬ ነው፤ 2 ሜትር የሚደርስ አጥር ይወጣል። ግቢው ትንሽ ከሆነ ጣሪያውንም በዚያው በወፍራሙ ሽቦ መክደን ይሻላል፤ ሰፊ ከሆነ ግን የአጥሩን ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አዘንብለው። የሚያድሩበትን ቤት ደግሞ በእግር አቁመህ ከመሬት ከፍ አድርገው፤ እንጨቱም አይበሰብስም፣ አይጥም ከሥሩ አይመሽግም። ለመቀርቀሪያው፣ በአፍንጫ ቢገፋ ወይም በመዳፍ ቢጫር የማይላቀቅ፣ ሁለት ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ የማይከፈት ዓይነት ምረጥ።

በሣሩ ላይ ልልቀቃቸው ካልክ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመረብ አጥር አለ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ቀበሮው ግን ከመዝለሉ በፊት በእርጥብ አፍንጫው ሊያሸተው ስለሚጠጋ፣ አንድ ጊዜ ከደነገጠ ደግሞ አይጠጋም። ኃይሉ የሚመጣው ለቅጽበት ብቻ፣ በየሰከንዱ ገደማ ስለሆነ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ነገር ግን ሣር አድጎ ሽቦውን ከነካ ኃይሉ ወደ መሬት ይፈስስና አጥሩ ተራ ገመድ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ሣር ማጨድና ከ3,000 ቮልት አለማነሱን በመለኪያ ማየት የዘወትር ሥራ ነው። ማጨድ ለሚሰለቸው ሰው አልመክረውም፤ አንተን ደግሞ ከልጅነት አውቅሃለሁ።

ቀበሮ የሌሊት አውሬ ነው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አመሻሽና ንጋት ላይ መዘዋወር ይወዳል፤ ቡችሎች ሲኖሩት ግን፣ አራትና አምስት የሚሆኑ አፎች ስለሚጠብቁት፣ ቀትርም ላይ ቢሆን ይመጣል። ሁለቱን ቄቦች ያጣሁት በዚያ ወቅት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ሰው በሌለበት ዶሮዎቹን ከሽቦው አጥር ውጭ አልለቅም።

ሰዎች ብዙ ምክር ይሰጡሃል፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ስቀል፣ ሬዲዮ ክፈትበት፣ የሰው ጸጉር በትንበት ይሉሃል። ሁሉንም ሞክሬአለሁ። ለጥቂት ቀን ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳት እንደማያመጡበት ሲረዳ ሬዲዮውን እያዳመጠ ይገባል። ግደለው የሚሉህም አሉ። መርዝ የሚያስቀምጠውን ሰው ግን አትስማ፤ መርዙ ቀበሮውን ከውሻው፣ ከድመቱና ከአሞራው አይለይም። ቀበሮው ቢገደል እንኳ የለቀቀውን ግዛት ብዙም ሳይቆይ ሌላ ወጣት ቀበሮ መጥቶ ይይዘዋል፤ በርህ ክፍት ከሆነ የሟቹን ሥራ ተተኪው ይጨርሰዋል። ይልቅ የተረፈ ጥሬ ማታ ማታ አንሣ፤ ጥሬው አይጥን ይጠራል፣ አይጡ ደግሞ ቀበሮን። ውሻ ካለህ ጥሩ ነው፤ ከዶሮ ጋር ያላደገ ውሻ ከሆነ ግን ከቀበሮው ብዙም አይሻልህም።

እንግዲህ ገብስማዋ ቀረች። ከዚያ ሌሊት በኋላ የጅራቷ ላባ ረግፎ፣ ብዙ ሳምንት እንቁላል ሳትጥል ቆይታ ነበር፤ ድንጋጤ ዶሮን እንዲህ ያደርጋታል። በኋላ ግን አገግማ በላባም በእንቁላልም ካሰችኝ። አሁን አርጅታለች፤ የምትጥለው ከስንት አንድ ቀን ነው፤ ቢሆንም ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ ጥሬው ላይ የምትደርሰው እሷ ናት። ማታ ማታ አሁንም ዛፉን ቀና ብላ ታያለች፤ ክንፎቿ ስለደከሙ ግን አትወጣም፤ እኔው አንሥቼ ከቆጧ ላይ አስቀምጣታለሁ።

የአንተ ናትና፣ ትምጣልኝ ካልከኝ በቅርጫት ይዣት እመጣለሁ፤ ቤቱንም አብረን እንፈትሸዋለን። አትምጣ፣ አንተም አትምጣ ብትለኝም አልቀየምህም። ብቻ መልስ ስትጽፍልኝ፣ ማታ ማታ በሩን የሚዘጋው ማን እንደሚሆን ጨምረህ ንገረኝ።

ወዳጅህ