ለሰናይት፣ ከሃዲንግተን

ውድ ሰናይት፣

እንዴት ከርመሻል? እማማስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፋሁብሽ፣ አውቃለሁ። አከራዬ ቤቱን ሊሸጠው ነው ተብሎ ውጪ ተባልኩ፤ ቤት ፍለጋው፣ ዕቃ ማጓጓዙ፣ እንዲሁ ጊዜው ነጎደ። አሁን ከኤደንብራ ወጣ ብላ ያለች ሃዲንግተን የምትባል ከተማ ገብቻለሁ። ዙሪያዋ ሁሉ እርሻ ነው።

ወደ ሥራ ስሄድ በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ቤቶች አያለሁ። ዛሬ ዋጋቸው አይቀመስም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የእርሻ ሠራተኞች ቤት ነበሩ። ነገሩ ገረመኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ትወጃለሽ ብዬ ነው።

ባለትዳር አራሽ የሚቀጠረው ለዓመት ነበር። የቅጥር ገበያ ይቆማል፤ አሠሪው ያነጋግረዋል፤ ከተስማሙ ትንሽ ሳንቲም ያስይዘዋል። በቃ፣ ታሰረ። ቤቱ የሚገኘው ከሥራው ጋር ነው፤ ሥራው ከቀረ ቤቱም ቀረ። ደመወዙ አብዛኛው በዓይነት ነው፦ አጃ፣ ገብስ፣ አተር፣ ድንች የሚተክልባት መሬት፣ ለአንዲት ላም ግጦሽ። ሚስትየው የገብስና የአተር ዱቄት ለውሳ በብረት ምጣድ ትጋግራለች። የእኛው ቂጣ በይው! ጠዋት የአጃ ገንፎ ነው፤ ሥጋ ብርቅ ነበር።

ያናደደኝ ሌላ ነው። በዚህ በደቡብ ምሥራቅ ስኮትላንድ አራሹ ብቻውን አይቀጠርም፤ ለእርሻው የምትሠራ ሴት አብሮ ማቅረብ አለበት። «ቦንዴጀር» ይሏታል። ሴት ልጁ ከደረሰች እሷ ትወጣለች። ካልደረሰች የሌላ ሰው ሴት ልጅ ቀጥሮ፣ አብልቶ፣ እቤቱ ያሳድራል። የት? እዚያችው አንዲት ክፍል ውስጥ! ልጅቷ ፍግ ትበትናለች፣ ትኮተኩታለች፣ በብርድ የከብት መኖ ሥራሥር ከጭቃ ትነቅላለች። አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ሚስትየዋ ያለ ደመወዝ ታጭዳለች፤ የቤት ኪራይ ማለት እሱ ነው። ተቀጣሪው በስም አንድ ወንድ ነው፤ ማሳው ላይ ግን ሦስት ሰው ነው የሚለፋው። እንዴት ያለ ብልጠት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1861 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ተቆጥረው ነበር። በስኮትላንድ ከ100 ቤት 34ቱ ባለ አንድ ክፍል ሆነው ተገኙ። ያንን ሁሉ ሰው የት ያስተኙታል ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አልጋው ዙሪያውን በሳንቃ የተዘጋ፣ ፊት ለፊቱ መዝጊያ ያለው ነው። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ሲገትሩ ግድግዳ ሆነው ክፍሉን ለሁለት ይከፍሉታል። መዝጊያው ሲገፋ ጨለማ ነው፤ አየሩ ያፍናል፤ ግን ብርዱን ይከላከላል፣ ለሴቷም መሸሸጊያ ነው።

አልጋው የቤተሰቡ ንብረት ነው። ግንቦት ላይ ውሉ ካልታደሰ ፈታትተው ጋሪ ላይ ይጭኑታል፤ ሕፃናቱ ከላይ፣ ላሟ ከኋላ። በእንግሊዝ ድንበር አካባቢ መስኮቱንና የምድጃውን ፍርግርግ ሳይቀር ነቅለው የሚሄዱ ነበሩ። የሚገቡበት ቤት ባዶ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1872 ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ ልጆቹ ግን ወላጆቻቸው ቤት በለወጡ ቁጥር ትምህርት ቤት ይለውጣሉ፣ ድንች ለቀማ ሲደርስም ይቀራሉ።

በይ፣ በእኔ ወሬ አደከምኩሽ። የአንቺ ማስተርስ ከምን ደረሰ? አበበችስ ወለደች? ስልኬ አልተለወጠም፤ እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውይልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ሂሩት