ቅዳሜ ጠዋት በአካል እንተዋወቅ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ወደ ሐዋሳ በቅርብ የመጣን የግሩፑ አባላት ቅዳሜ በአካል እንድንተዋወቅ አስበናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብርኤል አደባባይ እንገናኝና በእግር ወደ ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን። ከዚያ ዳርቻውን ይዘን ወደ አሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል። በጠዋት ከደረስን አሣ አጥማጆቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው፤ ሾርባውም ትኩስ ነው። አሣ የማትበሉ፣ ሻይ አለላችሁ።

ምቹ ጫማና ኮፍያ አድርጉ። ሂሳብ ሁሉም የራሱን ይከፍላል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሌሊት ሺፍት ያላችሁ፣ በቀጥታ አሞራ ገደል መምጣት ትችላላችሁ። የምታውቁት የሰፈር ሰው ካለ ይዛችሁ ኑ። እርስ በርሳችን ብቻ ከተያያዝን ከተማውን ሳናውቀው እንቀራለን። ተከራይም ብትሆኑ የሰፈራችሁን እድር ጠይቁ፤ ጎረቤት የሚተዋወቀው እዚያ ነው።

እዚያው የምንወስነው አንድ ጉዳይ አለ፦ በየሳምንቱ ምን እናድርግ? ኳስ፣ ታቦር ተራራ መውጣት ወይስ ትንሽ እቁብ? እኔ ለእቁቡ ነኝ። ሰው አንዴ ቡና ስለጠጣ ጓደኛ አይሆንም፤ የሚላመደው ሲመላለስ ነው፣ እቁብ ካለ ደግሞ ማንም አይቀርም።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ቅዳሜ የማይመቻችሁም የሚመቻችሁን ቀን ንገሩን።