ሰምተህ ዝም አትበል

ልጄ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትህ ወገቡን ያመዋል፣ ታክሲውን ግን አልተወም።

እህትህ ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። ከቤዝቦል ቡድንህ ልጆች አንዱ ከቁማርተኞች ገንዘብ ሊቀበል ነው አለችኝ። የመጀመሪያዋን ኳስ ሆን ብሎ አበላሽቶ ይወረውራል፣ እነሱ ደግሞ በስልካቸው በዚያች ኳስ ይወራረዳሉ። ይህን ሲመክሩ አንተም አብረህ ተቀምጠህ ነበር። "እኔ ምን አገባኝ፣ ሳንቲም አልነካሁ" አልክ አሉ።

ልጄ፣ ሰምተህ ዝም አትበል።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልክ እንዳደግክ አውቃለሁ። ባልንጀራውን የሚያሳብቅ ልጅም እኛ ሰፈር ከሌባ እኩል ነበር። ይኼ ግን ሌላ ነው።

እኔ የምሠራበት ስታዲየም አጠገብ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ የድሮው ስታዲየም፣ የኮሚስኪ ፓርክ፣ ሆም ፕሌት (መቺው የሚቆምበት) የነበረበትን ቦታ የሚያሳይ እብነ በረድ አለ። ትንሽ ሳለህ እላዩ ላይ ቆመህ ያለ ዱላ ትመታ ነበር። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ስታይ፣ አንተ ዛሬ በምትጫወትበት በሦስተኛው ቤዝ፣ በሜዳው ማዕዘን፣ ባክ ዊቨር የሚባል የዋይት ሶክስ ተጫዋች ይቆም ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ታሪኩን ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1919 የቺካጎው ቡድን ዋይት ሶክስ 88 ጨዋታ አሸንፎ፣ 52 ተሸንፎ የአሜሪካን ሊግ አንደኛ ሆነ። ወርዋሪው ኤዲ ሲኮት ብቻውን 29 አሸንፏል። ለዎርልድ ሲሪስ፣ ለሻምፒዮናው የመጨረሻ ግጥሚያ፣ ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ተገናኙ። ከዋይት ሶክስ ልጆች አንዳንዶቹ ግን ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው ሊሸነፉ ከቁማርተኞች ጋር ተመካከሩ። ሲኮት ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ትራሱ ሥር 10,000 ዶላር አገኘ። ኦክቶበር 1 ሜዳ ገብቶ የመጀመሪያውን መቺ ሰውነቱን በኳስ መታው። ለቁማርተኞቹ "ተስማምተናል" የሚል ምልክት ነበር። ልብ በል፣ ያኔም በአንዲት ኳስ ነው የተጀመረው። በመጨረሻም ሬድስ አምስት ጨዋታ ለሦስት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዲኪ ከር የሚባል ወጣት ወርዋሪ ግን፣ ጓደኞቹ እየሸጡት እንኳ፣ ሁለት ጨዋታ አሸንፏል።

ዊቨር ምክክሩ ላይ ተቀምጧል። ገንዘብ አልወሰደም። በስምንቱ ጨዋታ 11 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደረሰ፣ ሜዳ ላይ አንድም ስህተት አልተመዘገበበትም። የሰማውን ግን ለማንም አልተነፈሰም።

ይኼን ሰው ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። ልቡ ንጹሕ ነበር። እንዳንተ።

በ1920 ሴፕቴምበር፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጉዱ ወጣ። ተጫዋቾቹ ታገዱ፣ አንደኝነቱን ክሊቭላንድ ወሰደው። በ1921 ኦገስት 2 ፍርድ ቤት ነጻ አላቸው። በማግስቱ የቤዝቦል ኮሚሽነሩ ዳኛ ላንዲስ ግን ዊቨርን ጨምሮ ስምንት ተጫዋቾችን ዕድሜ ልክ አገዷቸው። ከቁማርተኞች ጋር ተቀምጦ ሰምቶ፣ ወዲያው ለክለቡ ያልተናገረም ዳግም አይጫወትም አሉ። ዊቨር ገና 30 ዓመቱ ነበር። ይግባኝ እያለ ደጋግሞ ጻፈ፤ የሰማው የለም። በ1956 እዚሁ ቺካጎ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። እገዳው የተነሣው በ2025 ነው። ምን ይጠቅመዋል?

ለስንት ዓመት ያቺን ኳስ ስትወረውር፣ አባትህ ከሌሊት ሥራ መልስ ሳይተኛ ሜዳ ሲያደርስህ፣ ይኼ ሁሉ ለማንም ቁማርተኛ ሲሳይ አይሆንም። አልፈቅድም! ሰምተህ ዝም አትበል።

አሁን የምልህን አድርግ። በመጀመሪያ ልጁን ለብቻው አግኘው። "እናገራለሁ፣ ቀድመህ ራስህ ብትናገር ይሻልሃል" በለው። ከጀርባው አትሂድበት፣ የእናት ልጅ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ሳትገባ አሰልጣኝህ ቢሮ ሂድ። ስልክህ ላይ ያሉትን መልእክቶች አንድም እንዳታጠፋ። ቡድኑ ቢያኮርፍህ፣ ቢያገልልህ፣ ይምጣ፤ እኛ አለን።

በርበሬና ሽሮ በፖስታ ልኬያለሁ። በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አድርገው፣ እንዳለፈው እንዳይበላሽብህ። ሽሮውን አብሮህ ለሚኖረው ልጅም አካፍለው። ከስታህ ነበር ባለፈው፣ ብላ እንጂ!

ከአሰልጣኙ እንደወጣህ ደውልልኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ። ለእህትህ ግን ዛሬውኑ ደውልላት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።

እናትህ