የብስክሌት ኮርቻ በስልክ የማንሸጠው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ጁን ሲቃረብ ስልካችን አያርፍም። «ኬምብሪጅ ልወዳደር ነው፤ ምቹ ኮርቻ ላኩልኝ» የሚል ጥያቄ ይበዛል። መልሳችን ሁሌም አንድ ነው፦ «መጥተው ይሞክሩት»። ይህ መልስ አንዳንዶቻችሁን ቅር እንዳሰኘ እናውቃለን። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ፣ የቤልትዌይን ትራፊክ ችሎ፣ ለአንድ ኮርቻ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምክንያታችንን ቁጭ ብለን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ከመንገዱ እንነሳ። ብዙዎቻችሁ የምትዘጋጁለት ኢግልማን የተባለው ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረግበት ውድድር) የሚካሄደው ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ኬምብሪጅ ነው። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና በቾፕታንክ ወንዝ፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ። እዚያው ከተማ የሚደረገው አይረንማን ሜሪላንድ ደግሞ እጥፉ ነው፤ ብስክሌቱ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር። መንገዱ ብላክዋተር በሚባለው ረግረጋማ አካባቢ ያልፋል። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር የለም።

ሜዳ ሲባል ሰው ደስ ይለዋል። ለእግር እውነት ነው። ለመቀመጫ ግን ሜዳ ከዳገት ይከብዳል። ዳገት ላይ ከኮርቻው ትነሳላችሁ፣ ቆማችሁ ትረግጣላችሁ። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን አቁማችሁ ትንሽ ትንቀሳቀሳላችሁ። በዚያ መሃል ደም ይዘዋወራል። ኬምብሪጅ ላይ ይህ የለም። ክንዳችሁን ኤሮባሩ (ከመሪው ወደ ፊት የተዘረጋው የክንድ ማሳረፊያ) ላይ አሳርፋችሁ፣ ጎንበስ እንዳላችሁ፣ አንዲት ቦታ ላይ ተጣብቃችሁ ትቀራላችሁ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 90 ኪሎ ሜትር 3 ሰዓት ነው፤ 180 ደግሞ 6 ሰዓት። ሕመሙን ለማስታገስ ቀና ካላችሁ ነፋሱ ደረታችሁን ያገኘዋል። የለፋችሁበት ፍጥነት በዚያው ይሄዳል።

አንድ ደንበኛችን የገጠመው ይኸው ነው። ጠንካራ ሯጭ ነው፤ ማራቶን ደጋግሞ ጨርሷል። 60ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሰውነቱ ደነዘዘ። ቀና ብሎ ነዳ። ቆሞ ነዳ። ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ተቀመጠ። ሩጫው ሲጀመር ወገቡና ጭኑ አልቆ ነበር። በኋላ መጥቶ «እግሬ ከዳኝ» አለን። እግሩ አልነበረም። ያንን ኮርቻ የሸጥንለት እኛ ነን። ስፖንጁ ወፍራም፣ ጄል የተሞላ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ነበር። ይመቸዋል ብለን ነው የሰጠነው። ተሳስተን ነበር፤ ይቅርታም ጠይቀነዋል። በስልክ መሸጥ ያቆምነው ከዚያ በኋላ ነው።

ለስላሳ ኮርቻ ሱቅ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሲቀመጡበት ይጥማል። ጊዜው ሲረዝም ግን አጥንታችሁ እየሰመጠ ይሄዳል። በግራና በቀኝ የተጨመቀው ስፖንጅ መሃል ላይ ያብጣል። ያበጠው ደግሞ የሚጫነው አጥንት የሌለበትን ለስላሳ ሥጋ ነው። ጠንከር ያለ ኮርቻ መጀመሪያ ላይ ይቆረቁራል፤ ክብደቱን ግን አጥንት ላይ ያሳርፈዋል። አጥንት ይችለዋል።

የትኛው አጥንት? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የሚሸከሟችሁ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ኤሮባር ላይ ስታጎነብሱ ግን ዳሌያችሁ ወደ ፊት ይዞራል። ክብደቱ ከእነዚያ አጥንቶች ለቆ ወደ ፊት፣ በሁለቱ ጭኖች መሃል ወዳለው ቦታ ይሄዳል። በዚያ በኩል ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ። የተለመደው ኮርቻ አፍንጫ፣ ማለትም ወደ ፊት የወጣው ቀጭን ጫፉ፣ ልክ እነሱ ላይ ያርፋል። መደንዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ ካርቶን ላይ ተቀምጣችሁ የመቀመጫ አጥንታችሁን ስፋት ለክታችሁ ትልኩልናላችሁ። እናመሰግናለን፤ ግን ያ ልኬት በይበልጥ የሚጠቅመው ለመንገድ ብስክሌት ነው። ለትራያትሎን ማወቅ የምንፈልገው የኮርቻው የፊት ክፍል ከሰውነታችሁ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው። እሱን በስልክ ማየት አንችልም።

አሁን ለመናገር የሚከብደውን ነገር በግልጽ እናንሳው። ብዙዎቻችን ስለዚያ የሰውነት ክፍል ማውራት ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ወንዱ «ወገቤን ነው» ይላል። ሴቷ «ጭኔን ትንሽ» ብላ ታልፈዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሱቃችን ውስጥ በየሳምንቱ የምናየው ይህንን ነው። የት እንደሚያማችሁ ካልነገራችሁን የምንሰጣችሁ ኮርቻ ግምት ብቻ ነው። ከሱቁ ጀርባ የተከለለ ክፍል አዘጋጅተናል። እህቶቻችንን የምታስተናግድ ሴት ባልደረባ አለችን፤ እሷም ራሷ ረጅም ርቀት ትነዳለች። ቃሉን ማውጣት ለሚከብደው የሰውነት ሥዕል ያለበት ወረቀት አለ። በጣት ማሳየት ይበቃል።

ይህን ያህል የምንጨነቀው መልሱ ኮርቻውን ስለሚወስን ነው። ከፊት የሚደነዝዛችሁ ከሆነ የአፍንጫው ጉዳይ ነው። አንድ ጎን ብቻ የሚላጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ከፍ ብሎ፣ ዳሌያችሁ ፔዳል ለመድረስ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ነው። ያኔ አዲስ ኮርቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሁልጊዜ ወደ ፊት እየተንሸራተታችሁ ጫፉ ላይ የምትቀሩ ከሆነ ኤሮባሩ ርቋችሁ ይሆናል። ሴቶች ላይ እብጠት ከመጣ ደግሞ መሃሉ ክፍት የሆነ ኮርቻ ቀድመን እንሞክራለን።

መደንዘዝን «ይለመዳል» የሚል ምክር ከሰማችሁ እባካችሁ አትቀበሉት። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በብስክሌት የሚዘዋወሩ 90 ወንድ ፖሊሶችን አፍንጫ የሌለው ኮርቻ ሰጥተው ለ6 ወር ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ ሲነዱ መደንዘዝ የማይሰማቸው 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ 82 በመቶ ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ቀና ብለው ነው የሚነዱት። ኤሮባር ላይ የሚያጎነብስ ሰው ከፊት በኩል የሚያርፍበት ጫና ይብሳል። ከብስክሌት ወርዳችሁ ቆይታችሁም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለእኛ መንገርን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለኤሮ አቀማመጥ፣ ማለትም ኤሮባር ላይ አጎንብሶ ለመንዳት፣ የተሠሩት ኮርቻዎች አፍንጫቸው ለሁለት የተከፈለ፣ ወይም አጠር ተደርጎ መሃሉ የተቦረቦረ ነው። አይኤስኤም፣ ኮብ፣ ፊዚክ፣ ስፔሻላይዝድ እንዲህ ዓይነት ይሠራሉ። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰው ሰፊ አፍንጫ ባለው ኮርቻ ላይ ጭኔ ይላጣል። ባልደረባዬ ደግሞ ከእሱ ሌላ አይቀመጥም። ቁመታችን እኩል ነው፤ ክብደታችንም ይቀራረባል። ይህን ያየ ሰው በስልክ ኮርቻ መምረጥ አይደፍርም።

አገጣጠሙም የራሱ ነገር አለው። አፍንጫው የተቆረጠ ኮርቻ በዓይን ሲታይ ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል። አትደንግጡ፤ የምትቀመጡት ፊተኛው ጫፍ አካባቢ ነው። ከፍታው ሲለካም በእውነት ከምትቀመጡበት ነጥብ እንጂ ከኋላው አይለካም። አፍንጫው ወደ ላይ ማየት የለበትም። በጣም ካዘቀዘቀ ደግሞ ክብደቱ ትከሻና ክንድ ላይ ይወድቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነካኩ። ከመነካካታችሁ በፊት የነበረበትን በቴፕ ምልክት አድርጉ።

ልብስን ችላ አትበሉ። የትራያትሎን ልብስ ከውኃ ሲወጣ ርጥብ ነው፤ ፓዱም (መቀመጫው ላይ የተሰፋው ስፖንጅ) ለሩጫ እንዲመች ስስ ነው። ቤት ውስጥ ወፍራም ፓድ ባለው ቁምጣ ተመችቷችሁ የሰነበተ ኮርቻ ውድድር ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትሞክሩት በውድድር ልብሳችሁ ነው። ከውስጥ ሙታንታ አይለበስም፤ ስፌቱ ቆዳ ይልጣል። ቅባት ተቀቡ። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ቆሞ በሚሽከረከር ብስክሌት የምትለማመዱ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ከኮርቻው ተነሱ። ያ ብስክሌት ከሥራችሁ ስለማይወዛወዝ ጫናው አንድ ቦታ ላይ ይቆያል።

እንግዲህ አሠራራችን ይህ ነው። መጥታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አብረን እንሠራለን። የተመረጠውን ኮርቻ ራሳችን እንገጥምላችኋለን። መያዣ አስይዛችሁ ለ2 ሳምንት ትወስዱታላችሁ። ካልሆነ መልሳችሁ ሌላ ትሞክራላችሁ፤ ለሙከራው አናስከፍልም። ብዙዎቹ ከ150 ዶላር በላይ ናቸው፤ በዚህ ዋጋ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ኮርቻ እንድትገዙ አንፈልግም።

በ2ቱ ሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ንዱ። ዲሲ ያለው ሄይንስ ፖይንት ጥሩ ነው። ሜዳ ስለሆነ እንደ ኬምብሪጅ ሳትነሱ መቆየት ትችላላችሁ። ማለዳ ሂዱ፤ መኪናም እግረኛም ሳይበዛ። ቨርጂኒያ ያለው የደብልዩ ኤንድ ኦዲ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ 72 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ለረጅም ልምምድ ይመቻል። ልጆችና ውሾች ባሉበት ግን ኤሮባር አትያዙ።

ውድድራችሁ 3 ሳምንት ከቀረው አዲስ ኮርቻ አንሸጥላችሁም። ያኔ ያለውን እናስተካክላለን። ስለዚህ ለጁን የምትዘጋጁ ከአሁኑ ደውላችሁ ቀን ያዙ። ስትመጡ ብስክሌቱን፣ ጫማችሁን፣ የውድድር ልብሳችሁንና አሁን የምትቀመጡበትን ኮርቻ ይዛችሁ ኑ። አሮጌውን ኮርቻ አትጣሉት፤ የተበላበት ቦታ ብዙ ይነግረናል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የብስክሌት ሱቁ ባልደረቦች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ